ዲምድ ሪሃቢሊቴሽን ምንድን ነው? የቆየ ሪከርድና የካናዳ ድንበር

ከአሜሪካዋ ቡፋሎ ወጥቶ ወደ ካናዳ የሚወስደውን ድልድይ፣ ፒስ ብሪጅን፣ የሚሻገር አንድ መኪና እናስብ። ቶሮንቶ ሰርግ አለ። ልጆቹ ከኋላ ተኝተዋል። የካናዳ ድንበር ኦፊሰሯ ፓስፖርቶቹን ተቀብላ ኮምፒውተሯን አየት ታደርግና ሾፌሩን ትጠይቀዋለች፦ «ታስረህ ታውቃለህ?»

ሰውየው ክው ይላል። ወጣት እያለ ከአንድ ሱቅ ጃኬት ይዞ ሲወጣ ተይዞ ነበር። የገንዘብ ቅጣትና ሁለት ዓመት ፕሮቤሽን (ሳይታሰሩ በክትትል መቆየት) ተፈረደበት፣ ጨረሰ፣ ረሳው። ሚስቱ እንኳ ይህን የምትሰማው አሁን ነው።

ኦፊሰሯ ያወቀችው ወሬ ሰምታ አይደለም። የኤፍቢአይ የወንጀል መረጃ ቋት ከካናዳ ፖሊስ ሲስተም ጋር የተገናኘ ነው። ጉዳዩ ስንት ዓመት ይሁነው፣ ስክሪኑ ላይ ሊወጣ ይችላል።

እንዲህ ላለ ሰው ሊደርስለት የሚችለው ዲምድ ሪሃቢሊቴሽን የሚባለው ነገር ነው። በአማርኛ «በጊዜ ብዛት እንደታረመ መቆጠር» ልንለው እንችላለን። ሕጉ የሚለው በአጭሩ ይህ ነው፦ ጥፋትህ አንድ ብቻ ከሆነ፣ ከባድ ካልሆነ፣ ቅጣትህን ከጨረስክ 10 ዓመት ካለፈህና በመሃል ሌላ ነገር ውስጥ ካልገባህ፣ ያ ጥፋት ካናዳ ከመግባት አያግድህም። ማመልከቻ የለውም፣ ክፍያም የለውም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ከባድ» እና «ቀላል» በሚሉት ቃላት ላይ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሚስዲሚነር (ዝቅተኛ ወንጀል) ስለተባለ ቀላል ነው ብሎ ይደመድማል። ካናዳ ግን የምትጠይቀው «ይህ ድርጊት እዚህ ቢፈጸም ኖሮ በእኛ ሕግ ምን ይባል ነበር?» ብላ ነው። የጃኬቱን ነገር እንይ። ዋጋው ከ5,000 የካናዳ ዶላር በታች የሆነ ስርቆት እዚያ በቀላሉም በከባዱም መንገድ ሊከሰስ ይችላል። የኢሚግሬሽን ሕጉ አንቀጽ 36 ደግሞ እንዲህ ሁለት መንገድ ያለውን ወንጀል ሁልጊዜ በከባዱ በኩል ይቆጥረዋል። ስለዚህ ያቺ አንዲት ጃኬት ብቻዋን በር ልታስዘጋ ትችላለች። ደግነቱ የስርቆቱ ከፍተኛ ቅጣት 2 ዓመት ስለሆነ ጊዜ ሊሽረው ይችላል። ቅድም «ከባድ ካልሆነ» ያልነው፣ በጊዜ የማይሻረው፣ በካናዳ ሕግ 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያስቀጣ የሚችለው ነው።

ሌላው ትልቅ ስህተት ደግሞ አቆጣጠሩ ላይ ነው። ሰዉ የሚቆጥረው ከተያዘበት ወይም ከተፈረደበት ቀን ነው። 10 ዓመቱ የሚጀምረው ግን ቅጣቱ ሙሉ በሙሉ ካለቀበት ቀን ነው። ሰውየው እ.ኤ.አ. በ2015 ተፈርዶበት ፕሮቤሽኑ በ2017 ካለቀ፣ ጊዜው የሚሞላው በ2027 እንጂ በ2025 አይደለም። የገንዘብ ቅጣቱን ቶሎ ሳይከፍል ቆይቶ በ2019 ከከፈለው ደግሞ ወደ 2029 ይገፋል። ያልተከፈለ ቅጣት ካለ እኮ ቆጠራው ገና አልተጀመረም! ይህን ሳያውቁ ስንት ሰዓት ነድተው ድልድዩ ላይ መመለስ ያሳዝናል።

ጠጥቶ መንዳት ለብቻው መነሳት አለበት። ካናዳ ከዲሴምበር 18 ቀን 2018 ጀምሮ የዚህን ወንጀል ከፍተኛ ቅጣት ከ5 ዓመት ወደ 10 ዓመት ከፍ አድርጋለች። ከዚያ ቀን በፊት የተፈጸመ አንድ ዲዩአይ (ጠጥቶ መንዳት) አሁንም በጊዜ ሊታለፍ ይችላል። ከዚያ ወዲህ የሆነው ግን 10 ዓመትም 20 ዓመትም ቢያልፈው በራሱ አይሻርም።

ጊዜው ያልሞላለት ወይም ጥፋቱ በጊዜ የማይሻር ሰው ሁለት መንገድ አለው። ቅጣቱን ከጨረሰ 5 ዓመት ካለፈው «ታርሜያለሁ» ብሎ በጽሑፍ ማመልከት ይችላል። ከተፈቀደለት ለነዚያ ጥፋቶች ነገሩ ለዘለቄታው ይዘጋል። 5 ዓመት ካልሞላው ወይም ጉዞው ከደረሰበት፣ በቂ ምክንያት አቅርቦ ጊዜያዊ የመግቢያ ፈቃድ ይጠይቃል። ለሁለቱም ይከፈላል፣ ሁለቱም ሊከለከሉ ይችላሉ።

ማመልከቻ የለውም ማለት ግን ባዶ እጅ ይኬዳል ማለት አይደለም። ጊዜው መሙላቱን ድንበሩ ላይ የሚመዝነው ኦፊሰሩ ነው። የፍርድ ቤቱን ውሳኔ፣ ቅጣቱ የተከፈለበትን ደረሰኝ፣ ፕሮቤሽኑ ያለቀበትን ወረቀትና የቅርብ ጊዜ የፖሊስ ሪከርድ በአንድ ፎልደር አድርጋችሁ ያዙ። ክሱ ተሰርዞ ከሆነም መሰረዙን የሚያሳየውን ወረቀት ያዙ፣ ስክሪኑ ላይ መያዛችሁ ወጥቶ ውጤቱ ላይወጣ ይችላልና። ስትጠየቁ ደግሞ እውነቱን ተናገሩ። ጃኬቷ በጊዜ ብዛት ትታለፍ ይሆናል፣ ውሸቱ ግን ለብቻው 5 ዓመት ሊያሳግድ ይችላል።

የመልሱንም ጉዞ አስቡት። የአሜሪካ ዜጋ ከሆናችሁ መመለሱ አያስፈራም። ግሪን ካርድ ብቻ ላለው ግን ይህን አጥብቄ እላለሁ። የአሜሪካ ሕግ ስርቆትን የመሰለ ጥፋት በ10 ዓመት አይሽርም። አንድ ጥፋት ብቻ ሆኖ፣ ሊያስቀጣ የሚችለው ቢበዛ አንድ ዓመት ከሆነና የተፈረደው እስራት ከ6 ወር ካልበለጠ የሚያልፍበት ቀዳዳ አለ። ከዚያ ውጭ ከሆነ ካናዳ በሰላም ያስገባችው ሰው ሲመለስ ድልድዩ ማዶ ሊያዝ ይችላል። ስለዚህ ሪከርድ ያለው ባለ ግሪን ካርድ ወረቀቱን ለኢሚግሬሽን ጠበቃ ማሳየት ያለበት ሻንጣ ሳያዘጋጅ፣ ለሰርጉም «እመጣለሁ» ሳይል በፊት ነው።