ከሐረጎ በላይ፣ ከሐረጎ በታች፦ ስለ ግቢ ፍራፍሬ የሚወራውና እውነታው

ክረምቱ ሲቃረብ ደሴም ኮምቦልቻም ችግኝ መንገድ ዳር ይደረደራል። አቮካዶ፣ ማንጎ፣ ፓፓያ፣ ብርቱካን፣ ዘይቱን። ሻጩን "ይሄ እኛ ሰፈር ይይዛል?" ብትሉት መልሱ አንድ ነው፦ "አብሽሩ፣ ይይዛል!" ከዚያ ዓመታት ያልፋሉ። ዛፉ ቅጠል በቅጠል ይሆናል፣ ፍሬ የለም። ቡና ላይ ምክንያቱ ይተነተናል። ወንድ ነው፣ ዓይን በልቶት ነው፣ መሬቱ አልወደደውም ይባላል። ከዚህ ወሬ ጥቂቱ እውነትነት አለው። አብዛኛው ግን የለውም። አንድ በአንድ እንየው።

"ኮምቦልቻ የያዘ ደሴም ይይዛል፤ ምን ርቀት አለውና?"

ችግኝ የሚያስፈጀው ዋናው አመለካከት ይሄ ነው። በመንገድ ከሆነ እውነት ነው፣ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ለዛፍ ግን ርቀቱ ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ላይ ነው የሚለካው። ኮምቦልቻ ከባሕር ጠለል በላይ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ናት። ደሴ ጦሳ ተራራ ሥር 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ተቀምጣለች። በየ100 ሜትሩ ከፍታ ሙቀቱ 0.6 ዲግሪ ያህል ይቀንሳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ያለውን የሐረጎን ዳገት ወጥተን ስንጨርስ 4 ዲግሪ ገደማ ጥለን ነው የምንደርሰው። ለእኛ ጃኬት መደረብ ነው። ለማንጎ ግን በማፍራትና ባለማፍራት መካከል ያለው ልዩነት ነው።

ማንጎ ደሴ ላይ ወዲያው ላይሞት ይችላል። ክፋቱም እሱ ነው፤ ቢሞት ተስፋ ቆርጠን ሌላ እንተክል ነበር። ግድግዳ ተጠግቶ፣ በየዓመቱ ትንሽ ቅጠል እያወጣ ይቆያል፣ እኛም "ዘንድሮ ነው" እያልን እንጠብቃለን። ቢያብብ እንኳ ሌሊቱ ከ15 ዲግሪ በታች በሆነበት ወቅት አበባው ፍሬ ለመያዝ ይቸገራል። ኮምቦልቻም ላይ ማንጎ ይበቅላል እንጂ እውነተኛ አገሩ ወረድ ብሎ ሐርቡና ባቲ ነው።

ታዲያ የደሴ ሰው ምን ይትከል? በእኔ አስተያየት መጀመሪያ ካዝሚርን ማሰብ አለበት። የትውልድ አገሩ የሜክሲኮና የመካከለኛው አሜሪካ ደጋማ ቦታ ስለሆነ ከቆላ ይልቅ ከፍታ ይስማማዋል። የዛፍ ቲማቲምም ከደቡብ አሜሪካ ተራሮች የመጣ ነው፤ ውርጭ ካልነካው ደሴ ላይ ይሆናል። ሎሚ ፀሐይ የሚያገኝ ግድግዳ ሥር ይሞከራል። አቮካዶ ከተፈለገ ብርድ የሚችል ዝርያ መርጦ፣ ነፋስ የማያገኘው ቦታ ላይ፣ ብዙ ትዕግሥት ይዞ ነው። ኮክ፣ ፕሪምና ፖም ደግሞ የሞቃት አገር ፍሬ ባይሆኑም ለደጋ የተፈጠሩ ናቸው፤ ለምን እንደምንንቃቸው አይገባኝም። ኮምቦልቻ ያላችሁ ግን የተመረቀ ቦታ ላይ ናችሁ። አቮካዶ፣ ዘይቱን፣ ብርቱካን፣ መንደሪን፣ ሙዝ፣ ፓፓያ ሁሉም ይሞከራሉ።

"ዝቅ ያለው የግቢው ጥግ ይሞቃል"

ቀን ላይ ሊሞቅ ይችላል። ሌሊት ግን ቀዝቃዛ አየር ይከብዳል፤ ቁልቁል ወርዶ ዝቅ ያለ ቦታ ላይ ይተኛል። ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ውርጭ ሜዳውንና ረባዳውን ቀድሞ የሚመታው ለዚህ ነው። ዳገት ላይ ያለው የጎረቤት ሎሚ ደህና ሆኖ የእናንተ ከተቃጠለ ምሥጢሩ ይሄ ነው። ከታችኛው ጥግ ይልቅ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የሚያርፍበት የድንጋይ ግንብ አጠገብ ትከሉ። ድንጋዩ ቀን የያዘውን ሙቀት ማታ ቀስ እያለ ይለቃል።

"የጣፈጠኝን ፍሬ ዘር ብተክል ያንኑ አገኛለሁ"

ከገበያ የመጣ ግሩም አቮካዶ ይበላል፣ ዘሩ ጣሳ ውስጥ ይተከላል። መብቀሉን ይበቅላል፣ ደስም ይላል። ግን የአቮካዶ ዘር እናቱን አይደግምም። አባቱ የትኛው ዛፍ እንደሆነ አይታወቅም፤ የሚወለደው ልጅ የራሱ ጠባይ አለው። ፍሬው ትንሽ ሊሆን ይችላል፣ ቃጫማም ሊሆን ይችላል፤ አልፎ አልፎ ደግሞ ከእናቱ ይሻላል። ይህንን ለማወቅ ግን ከ5 እስከ 10 ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ መጠበቅ ይጠይቃል። የተዳቀለ ችግኝ፣ ማለትም ከተመረጠ ዛፍ የተወሰደ ቅርንጫፍ የተቀጠለበት፣ በ3 ወይም በ4 ዓመት ማፍራት ይጀምራል፤ ምን ዓይነት ፍሬ እንደሚሰጥም ከመጀመሪያው ይታወቃል።

ሲገዛ ግንዱን ማየት ነው። ከታች ወደ ላይ ሲታይ የተቆረጠና የተቀጠለ ጠባሳ አለ፣ እዚያ ላይ ትንሽ ያብጣል ወይም ይጣመማል። ጠባሳ ከሌለው ሻጩ ምንም ቢምል የተዳቀለ አይደለም።

ግን "ከዘር የበቀለ ሁሉ ከንቱ ነው" የሚለውም ስሕተት ነው። ፓፓያ ከዘር ነው የሚተከለው። ብዙዎቹ የብርቱካን ዘመዶችና አንዳንድ የማንጎ ዝርያዎች ደግሞ ከአንድ ዘር ሁለት ሦስት ቡቃያ ያወጣሉ፤ ከነዚህ አብዛኞቹ የእናትየው ቅጂ ናቸው። እነዚህ ዘግይተው ቢያፈሩም ጣዕማቸው አያሳፍርም። ከዘር የበቀለ ብርቱካን ግን እሾሁ ብዙ ነው፤ ልጆች ያሉበት ግቢ ይሄን ያስብበት።

"ብርቱካኔ ወደ ሎሚ ተቀየረ"

ይሄን የሚሉ ሰዎች አልዋሹም። ያዩትን ነው የሚናገሩት፤ ትርጉሙ ነው የተሳሳተው። የተዳቀለ ብርቱካን ሁለት ዛፍ ነው። ከጠባሳው በታች ያለው በሽታና መጥፎ አፈር እንዲችል የተመረጠ ኮምጣጣ ዘመዱ ነው። ከላይ ያለው ጣፋጩ ነው። ከጠባሳው በታች ቡቃያ ሲወጣ "ጎሽ፣ ተንሰራፋ!" ብለን እናሳድገዋለን። ያ ቡቃያ ጉልበተኛ ነው፤ በጥቂት ዓመት ከላይ ያለውን ውጦ ያጠፋዋል። ከዚያ የሚለቀመው ፍሬ የታችኛው ነው። ቡቃያውን ገና ለጋ ሳለ በእጅ መንቀል በቂ ነው። ሲተከልም ጠባሳው ከአፈሩ አንድ ስንዝር ያህል ከፍ ይበል፤ አፈር ከተከመረበት ይበሰብሳል።

"አቮካዶው ወንድ ስለሆነ ነው የማያፈራው"

ወንድ አቮካዶ የሚባል የለም። እያንዳንዱ አበባ ሴትም ወንድም ነው፤ ልዩነቱ በሰዓት ነው። አበባው ሁለት ጊዜ ይከፈታል። መጀመሪያ ሴት ሆኖ ይከፈትና ይዘጋል፣ በማግሥቱ ወንድ ሆኖ ዱቄቱን ሊሰጥ ይከፈታል። እንደ ሃስ ያሉት ዝርያዎች ጠዋት ሴት፣ በማግሥቱ ከሰዓት በኋላ ወንድ ናቸው። እንደ ፉዌርቴና ኤቲንገር ያሉት ተቃራኒ ናቸው፤ ከሰዓት በኋላ ሴት፣ በማግሥቱ ጠዋት ወንድ። ሁለቱ ዓይነት ጎን ለጎን ሲሆኑ አንዱ ሲሰጥ ሌላው ይቀበላል፣ ፍሬውም ይበዛል።

አንድ ብቻውን ያለ ዛፍም ያፈራል። አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ሰዓቱ ይዛነፋል፣ በአንድ ዛፍ ላይ ሴትና ወንድ አበባ ባንድ ጊዜ ይገናኛል። ስለዚህ ለጠባብ ግቢ የምመክረው ከጎረቤት ጋር መነጋገር ነው። እናንተ ሃስ ከተከላችሁ አጥር የሚጋሯችሁ ሰዎች ፉዌርቴ ወይም ኤቲንገር ይትከሉ። ንብ አጥር አያግዳትም። አበባ ላይ ሳለ ግን ፀረ ተባይ የሚረጭ ሰው ንቧንም ፍሬውንም አብሮ ገደለ ማለት ነው።

ወንድና ሴት በእርግጥ የሚለየው ፓፓያ ነው። ወንዱ ረጅም ዘንግ ላይ የተንጠለጠለ ብዙ ትንንሽ አበባ ያወጣል። ሴቷ አበባ ግንዱ ላይ ልጥፍ ብላ፣ ወፈር ብላ ትቀመጣለች። ሁለቱንም የያዘ ዓይነትም አለ፣ ለግቢ ከሁሉ የሚሻለው እሱ ነው። በዘሩ ቀለም ወይም በሥሩ ቅርጽ አስቀድሞ ይለያል የሚባለው ግን መሠረት የለውም፤ እስኪያብብ መጠበቅ ግድ ነው። አንድ ጉድጓድ ውስጥ ሦስት ችግኝ ተክሎ፣ ሲያብቡ ደህናውን ትቶ ሌላውን መንቀል የተሻለ ነው። የተከላችሁት ወንድና ሴት የሚለይ ዓይነት ከሆነ አንድ ወንድ ተዉላቸው። "ጫፉን ከቆረጡት ሴት ይሆናል" የሚባለውስ? የፓፓያ ጾታ ከዘሩ ጋር የመጣ ነው። የአየር ለውጥ አንዳንዱን ወንድ ጥቂት ፍሬ ሊያስይዘው ይችላል፤ ቢላዋ አምጥቶት ግን አይደለም።

"ያን ሁሉ አበባ ዓይን በላው"

ዛፉ በአበባ ተሸፍኖ ይታያል፣ እንግዳ ገብቶ "ማሻአላህ፣ እንዴት ያምራል!" ይላል፣ በሳምንቱ መሬቱ በረገፈ አበባ ይሸፈናል። ምስኪኑ እንግዳ ይታማል። አቮካዶ ግን ከሺህ አበባ አንዱን ፍሬ ቢያደርግ ጥሩ ነው። የቀረው መርገፉ ጤናው ነው፤ ሁሉም ቢይዝ ቅርንጫፉ በተሰበረ ነበር። አቮካዶም ማንጎም አንድ ዓመት ብዙ አፍርቶ በቀጣዩ የማረፍ ጠባይ አላቸው። ሊያሳስበን የሚገባው በአተር መጠን ያደገው ፍሬ ሳይቀር ሁሉም ሲወርድ ነው። ያኔ በጋው ላይ የውሃ ጥማት ወይም ብርድ አለ።

"አቮካዶ ውሃ ሲበዛለት ደስ ይለዋል"

ከብርድ ቀጥሎ አቮካዶን የሚገድለው ይሄ ፍቅር ነው። ሥሩ አየር ይፈልጋል። በተለይ ኮምቦልቻ ቦርከና ወንዝ ዳር ዋልካ መሬት ያላችሁ ሰዎች ተጠንቀቁ። ዋልካ ክረምት ላይ ውሃ ይቋጥራል፣ ሥር የሚያበሰብስ ሻጋታ መሰል በሽታም እዚያ ይራባል። ያኔ ቅጠሉ ይጠወልጋል። ውሃ የጠማው ይመስላል፣ እኛም እንጨምራለን፣ ይሞታል። እንዲህ ባለ መሬት ጉድጓድ ቆፍሮ ከመትከል አፈሩን ግማሽ ሜትር ያህል ከምሮ ክምሩ ላይ መትከል ይሻላል።

ውሃ ሲያጠጡም በየቀኑ በጣሳ ከመርጨት ቆየት እያሉ ጥግብ ማድረግ ነው። ግንዱ ላይ ሳይሆን የቅርንጫፉ ጫፍ በሚያበቃበት ዙሪያ፣ ቀጫጭኑ ሥር ያለው እዚያ ነው። ከላይ ደረቅ ሣር ወይም ገለባ ጎዝጉዙ፤ ግንዱን ግን አይንካ።

የልብስ እጥበት ውሃ ነገርም አለ። "ሳሙናው ትል ይገድላል" እየተባለ ቀጥታ ሥሩ ላይ ይደፋል። በዱቄት ሳሙና ውስጥ ሶዲየም አለ፣ አቮካዶ ደግሞ ጨው ከማይወዱ ዛፎች ዋነኛው ነው። የቅጠሉ ጫፍ እንደተቃጠለ ወረቀት ቡናማ ከሆነ መጀመሪያ የምጠረጥረው ሳፋውን ነው።

"ትኩስ ፍግ ያፋፋል"

ያቃጥላል። ቢያንስ ጥቂት ወራት ተከምሮ ይብሰል። ሽታው ጠፍቶ አፈር አፈር ሲል ደርሷል።

"ዛፍ ላይ ያልበሰለ አይጣፍጥም"

እንደ ፍሬው ነው። አቮካዶ ዛፍ ላይ ሆኖ በፍጹም አይለሰልስም። ደርሶ ሳይቆረጥ ወራት ሊቆይ ይችላል፤ የሚለሰልሰው ከተቆረጠ ከአንድ ሳምንት እስከ ሁለት ሳምንት ባለው ጊዜ ነው። መድረሱን ለማወቅ አንድ ትልቅ ፍሬ ከአጭር ጭራው ጋር ቆርጣችሁ ቤት አስቀምጡ። ሳይጨማደድ ከለሰለሰ ሌሎቹም ደርሰዋል። ከተጨማደደና እንደ ጎማ ከሆነ ጠብቁ። ከበሰለ ሙዝ ጋር ከረጢት ውስጥ ቢቀመጥ ይፈጥናል፤ ከሙዙ የሚወጣው ጋዝ ነው የሚያበስለው። ማንጎና ሙዝም ከተቆረጡ በኋላ ይበስላሉ።

ብርቱካን፣ መንደሪንና ሎሚ ግን ከተቆረጡ አበቃ። ጣዕማቸው ከዚያ ወዲያ አይጨምርም። ቀለማቸው ደግሞ ያታልላል። ቢጫ የሚሆኑት ሌሊቱ ሲቀዘቅዝ ስለሆነ በሞቃት ወቅት አረንጓዴ እንደሆኑ ሊደርሱ ይችላሉ። እነሱን ማወቂያው አንዱን ቆርጦ መቅመስ ነው።