የሜዳ አበቦች፦ ጥቅስ በጥቅስ የተሟገቱ ሁለት አማኞች ፊልም

«የሜዳ አበቦች» በ1963 ለእይታ የበቃ ጥቁርና ነጭ የአሜሪካ ፊልም ነው (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው)። ያዘጋጀው ራልፍ ኔልሰን ነው፤ ጄምስ ፖ የፊልም ጽሑፉን የጻፈው ዊልያም ባሬት በ1962 ባሳተመው አጭር ልቦለድ ላይ ተመሥርቶ ነው። ዋናዎቹን ገጸ ባሕርያት ሲድኒ ፖይቲየርና ሊሊያ ስካላ ተጫውተዋቸዋል።

ሆመር ስሚዝ እየተዘዋወረ በእጅ ሙያው የሚያድር ጥቁር አሜሪካዊ ነው። በአሪዞና ምድረ በዳ ሲጓዝ ለመኪናው ራዲያተር ውኃ ለመለመን አንድ የገጠር ቤት ደጃፍ ላይ ይቆማል። በቤቱ የሚኖሩት ከምሥራቅ አውሮፓ ኮሚኒስት መንግሥታት ሸሽተው የመጡ፣ እንግሊዝኛ የሚቸግራቸው አምስት የካቶሊክ መነኮሳይያት ናቸው። እመምኔቷ ማሪያ ሰውየውን ገና ሲያዩት እግዚአብሔር የላከላቸው ግንበኛ እንደሆነ ያምናሉ። እርሱ ግን ጣሪያ ጠግኖ፣ ዋጋውን ተቀብሎ መንገዱን ሊቀጥል ነበር ያሰበው።

የፊልሙ ልብ ያለው የደመወዝ ጥያቄ በተነሣበት ትዕይንት ላይ ነው። ሆመር ገንዘቡን ሲጠይቅ ከሉቃስ ወንጌል «ለሠራተኛ ደመወዙ ይገባዋልና» የሚለውን ይጠቅሳል። እመምኔቷ አይበገሩም፤ ርዕሱ የተወሰደበትን የማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ ስድስት አውጥተው «የሜዳ አበቦች እንዴት እንዲያድጉ ልብ አድርጉ፤ አይደክሙም አይፈትሉምም» የሚለውን ያስነብቡታል። ጥቅስ በጥቅስ መሟገትን ለሚያውቅ ለእኛ አገር ተመልካች ይህ ክርክር የቤቱ ያህል ቅርብ ነው። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ሁለቱም መጽሐፉን ከልባቸው ያምኑበታል። ፊልሙም ለአንዳቸው አይፈርድም፤ ትልቁ ብልሃቱ ይህ ይመስለኛል።

እመምኔቷ ስሙን እንኳ በጀርመንኛ አፍ «ሽሚት» እያሉ ይጠሩታል። ቁርሱ አንድ እንቁላል ነው። ሆመር ግን አይሄድም። በሳምንት ሁለት ቀን ለአንድ ተቋራጭ እየሠራ፣ በሚያገኘው ገንዘብ ለመነኮሳይያቱ ምግብ ይገዛል። ይህ ነጭ ተቋራጭ መጀመሪያ፣ በዚያን ዘመን ነጮች ጥቁር ወንዶችን ዝቅ ለማድረግ በሚጠሩበት ቃል፣ «አንተ ልጅ» ብሎ ሲጠራው ሆመርም መልሶ «አንተ ልጅ» ይለዋል። የዘር ጉዳይ በፊልሙ ውስጥ እንዲህ ባለ አጭር መልስ ነው የሚነሣው። ተቋራጩን የተጫወተው ራሱ ኔልሰን ነው።

ሆመር ልጅ ሳለ አርክቴክት መሆን ይመኝ ነበር፤ የሚያስተምረው ግን አላገኘም። የጸሎት ቤቱን ሥራ እምቢ ሲል ቆይቶ የተቀበለው ለዚህ ነው፤ በሕይወቱ አንድ ነገር ብቻውን ከመሠረት እስከ ጉልላት ማቆም ፈለገ። በአካባቢው የሚኖሩ የሜክሲኮ ዝርያ ያላቸው ሰዎች ጡብ ይዘው ሊረዱት ሲመጡ ያኮርፋል። ያለ እርሱ ሥራው ሲበላሽ ግን ዝም ብሎ ማየት አይሆንለትም፤ ተነሥቶ ፎርማን ይሆናል። እምነት የለኝም የሚለው የምግብ ቤቱ ባለቤት ሁዋን እንኳ ምናልባት ወዲያኛው ዓለም ቢኖር እንደ መድን ይሆነኛል ብሎ ያግዛል። ሕንፃው ሲያልቅ ሆመር ጫፉ ላይ፣ ባልደረቀው ሲሚንቶ ስሙን ይጽፋል። የሚያየው የለም፤ ያ ጽሑፍ ግን ደመወዙ ነው።

እምነታቸው አንድ አይደለም። ሆመር ባፕቲስት ነው፤ መነኮሳይያቱን በመኪናው ወደ እሑድ ቅዳሴ ይወስዳቸዋል እንጂ ከእነርሱ ጋር አያስቀድስም። የሚገናኙት በዝማሬ ነው። ማታ ማታ እንግሊዝኛ ሲያስተምራቸው የጥቁር አሜሪካውያንን መዝሙር ያለማምዳቸዋል፤ እርሱ የኢየሱስን ሕይወት ከልደት ጀምሮ ይመራል፣ እነርሱ «አሜን» ብለው ይቀበላሉ። ለጀርመንኛውም፣ ለእንግሊዝኛውም፣ ለእኛም ትርጉም የማያስፈልገው ቃል! መዝሙሩን ያቀናበረው ጄስተር ሄርስተን ሲሆን ከፖይቲየር ከንፈር ላይ የምንሰማው የዝማሬ ድምፅም የእርሱ ነው።

ፊልሙ የተሠራው በጥቂት ገንዘብ፣ በቱሳን ከተማ አቅራቢያ በ14 ቀን ነው። ፖይቲየር ክፍያውን ቀንሶ ከገቢው ድርሻ ለመውሰድ ተስማማ። ስለ ስካላ አለማንሣት ግን አይቻልም። ቪየና የተወለዱት እኚህ ተዋናይ በወጣትነታቸው የሕንፃ ንድፍ ተምረው፣ ከናዚዎች ሸሽተው አሜሪካ ከገቡ በኋላ በኒው ዮርክ የዚፕ ፋብሪካ ውስጥ ሠርተዋል። አርክቴክት መሆን ያልቻለውን ሰው ጸሎት ቤት ሥራልኝ እያሉ የሚሞግቱት ሴት ራሳቸው አርክቴክት ነበሩ።

ፊልሙ ለአምስት ኦስካሮች ታጭቷል፤ ስካላም ከእጩዎቹ አንዷ ነበሩ። ያሸነፈው ግን ፖይቲየር ብቻ ነው። አስቀድሞ በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል የብር ድብ ሽልማት ወስዶ ነበር፤ ሚያዝያ 13 ቀን 1964 ደግሞ በምርጥ ዋና ተዋናይነት ኦስካር የተሸለመ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው ሆነ። የአሜሪካ ኮንግረስ የዘር መድልዎን የሚከለክለውን የሲቪል መብቶች ሕግ ገና አላጸደቀም ነበር። ሁለተኛው ጥቁር የምርጥ ዋና ተዋናይ አሸናፊ ዴንዘል ዋሽንግተን ከ38 ዓመት በኋላ በ2002 መጣ። በዚያው ምሽት ፖይቲየር የክብር ኦስካር ተቀብሎ በአዳራሹ ነበር። ዋሽንግተን ሐውልቱን ወደ እርሱ ከፍ ሲያደርግ፣ አዛውንቱ ከመቀመጫቸው ተነሥተው የራሳቸውን ከፍ አደረጉለት።