«ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ሲባል

ይህ አባባል ብዙ ጊዜ የሚሰማው ለቅሶ ቤት ነው። ደግ ሠርቶ ያለፈ ሰው ሲነሣ፣ «ምን ይደረግ፣ ስም ከመቃብር በላይ ነው» ይባላል። ምክር ላይም ይመጣል። ልጁ ስሙን የሚያጎድፍ ነገር ሊሠራ ሲል አባት፣ «ተው ልጄ፣ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል» ይለዋል። ሥጋ አፈር ይሆናል፤ ስም ግን፣ ክፉም ይሁን ደግ፣ ይቀራል ነው ነገሩ።

ሐሳቡ መጽሐፈ ሲራክ ውስጥም አለ። ምዕራፍ 44 ስለ ቀደሙ አባቶች ሲናገር፣ ሥጋቸው በሰላም ተቀበረ፣ ስማቸው ግን ለዘላለም ይኖራል ይላል። ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ባሕር ማዶ ለወደቁ ወታደሮቻቸው መካነ መቃብር ሲያሠሩ፣ በትላልቆቹ ውስጥ ባቆሙት ድንጋይ ላይ ያስቀረጹት ይህንኑ «ስማቸው ለዘላለም ይኖራል» የሚለውን ቃል ነው። የመረጠላቸው ደራሲው ሩድያርድ ኪፕሊንግ ነበር። የ18 ዓመት ልጁ ጆን በ1915 እ.ኤ.አ. ፈረንሳይ ውስጥ ሎስ ላይ ወድቋል። አባት እስኪሞት ድረስ የልጁ መቃብር አልታወቀም። ቃሉን ባየሁ ቁጥር የማስበው ይህን አባት ነው። ከስሙ በቀር ምን ቀረለት?

እኛም ዘንድ በሰው አገር መቀበር ትልቅ ሐዘን ነው። «ላገሬ አፈር ያብቃኝ» ብሎ የሚጸልይ ሕዝብ ነን። ቃኘው ሻለቃ የተባለው ጦራችን ከ1943 ዓ.ም. ጀምሮ ከተባበሩት መንግሥታት ጦር ጋር ኮሪያ ዘምቶ ከ120 በላይ ልጆቻችን እዚያ ወደቁ። አስከሬናቸው ግን እዚያ አልቀረም። አገሩ ገብቶ አዲስ አበባ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል አርፏል።

ስለዚህ ዛሬ ደቡብ ኮሪያ፣ ቡሳን ከተማ ባለው የተባበሩት መንግሥታት መካነ መቃብር የእነዚህ ዘማቾች መቃብር የለም። ስማቸው ግን አለ። በጥቁር ድንጋይ በተሠራው የመታሰቢያ ግድግዳ ላይ፣ ከ40 ሺህ በላይ የሌሎች አገሮች ወታደሮች ስም ጋር ተቀርጿል። አባባሉ እንዲህ ቃል በቃል ሲፈጸም ሌላ ቦታ አላየሁም። ኮሪያውያንም አልረሷቸውም። በየዓመቱ ኖቬምበር 11፣ ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ ወደ ቡሳን ዞረው በሕሊና ጸሎት ያስቧቸዋል።

ለትምህርትም ለሥራም ኮሪያ ያላችሁ፣ እባካችሁ አንድ ቀን ወደ ቡሳን ውረዱ። ስሞቹ በእንግሊዝኛ ፊደል ስለተጻፉ ቀስ ብላችሁ አንብቧቸው። የአያቶቻችሁን ስም የሚመስሉ ታገኛላችሁ።