የአይስላንድ ኃይል፦ እሳተ ገሞራው ያልሠራው ሥራ

ስለ ኃይል ወሬ በተነሳ ቁጥር አይስላንድ ትጠቀሳለች። ሕዝቧ 400 ሺህ የማይሞላ ደሴት ናት። መብራቷ ከሞላ ጎደል በሙሉ ከወንዝና ከከርሰ ምድር እንፋሎት ይመነጫል። ከአሥር ቤት ዘጠኙን የሚያሞቀው ከመሬት የሚወጣ ሙቅ ውሃ ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። ግን በዚህ እውነት ላይ ብዙ ያልሆነ ነገር ተለጥፎበታል። በተለይ ፖለቲከኞቹ ምን ሠሩ፣ ምን አበላሹ የሚለው ላይ። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

“እድለኞች ናቸው፤ ተፈጥሮ ሰጥታቸው ነው”

ፍል ውሃው እኮ ድሮም እዚያው ነበር። የዋና ከተማዋ የሬይካቪክ ሴቶች ለብዙ ዘመን ልብስ አጥበውበታል። ከተማዋ ግን ክረምቱን የምትገፋው በድንጋይ ከሰል ነበር፤ ሰማይዋም ጭስ ለብሶ ይከርም ነበር። በ1930 ከዚያው ልብስ ማጠቢያ ምንጭ 3 ኪሎ ሜትር ያህል ቧንቧ ተዘረጋ። መጀመሪያ አንድ ትምህርት ቤት ሞቀ፤ ቀጥሎ ሆስፒታል፣ መዋኛና ጥቂት ደርዘን ቤቶች።

ከዚያ በላይ ለመሄድ ውሳኔ የሚሰጥ ሰው ያስፈልግ ነበር። ዮን ቶርላክሶን መሐንዲስ ነበሩ። አገሪቱን በጠቅላይ ሚኒስትርነት መርተዋል፤ በኋላም የሬይካቪክ ከንቲባ ሆኑ። ከከተማው ወጣ ብሎ ሬይኪር በሚባል ቦታ ያለውን ሙቅ ውሃ ማዘጋጃ ቤቱ እንዲይዘው ገፉበት። በ1935 አረፉ። የሬይኪር ውሃ ከተማ የገባው በ1943 ነው፤ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዕቃውን አዘግይቶት ነበር። ፍሬውን ሳያዩ የሚሠሩ ሹማምንት ብርቅ ናቸው፤ ለዚህ ነው ስማቸውን ማንሳት የፈለግኩት።

“አንድ ቆራጥ መሪ አዘዘ፣ ሆነ”

ይህ በጣም የተወደደ ተረት ነው። በ1973 የነዳጅ ዋጋ ሰማይ ሲነካ ከአገሪቱ ሕዝብ ግማሽ ያህሉ ቤቱን የሚያሞቀው በነዳጅ ነበር። በ1980ዎቹ አጋማሽ ላይ ግን ነዳጅ ከቤት ማሞቂያነት ሊወጣ ጥቂት ቀርቶት ነበር። በመሃል መንግሥታት ተቀያይረዋል። ሥራው አልቆመም።

የሠራው ከ1967 ጀምሮ የነበረ የኢነርጂ ፈንድ ነው። አሠራሩ እንዲህ ነው። አንዲት ትንሽ ከተማ ሙቅ ውሃ ፍለጋ መቆፈር ትፈልጋለች። ገንዘብ ከፈንዱ ትበደራለች። ውሃ ከተገኘ ብድሩን ትከፍላለች። ጉድጓዱ ባዶ ከሆነ ብድሩ ይሰረዝላታል። አለቀ! ኪሳራውን አገር በጋራ ተሸከመው። ስለዚህ ትንንሽ ከተሞችም ሳይፈሩ ቆፈሩ። በአይስላንድ የኃይል ፖሊሲ ውስጥ ለኔ ከዚህ የሚበልጥ ነገር የለም።

ቁፋሮ ደግሞ ቀልድ አይደለም። ክራፍላ የሚባለው የእንፋሎት ማመንጫ ገና እየተሠራ ሳለ፣ በታኅሣሥ 1975 እዚያው አጠገቡ እሳተ ገሞራ ፈነዳ። ፍንዳታው እየተመላለሰ እስከ 1984 ቆየ። ከታች የመጣው ጋዝ ጉድጓዶቹን አበላሸ። ማመንጫው የታቀዱለትን ሁለት ተርባይኖች አሟልቶ የሠራው በ1990ዎቹ መጨረሻ ነው። እስከዚያ ድረስ በፖለቲካው ዓለም የኪሳራ ምሳሌ ሆኖ ሲወቀስ ኖሯል።

“መብራታቸው ከእሳተ ገሞራ ነው”

ቤታቸው የሚሞቀው አዎ። ሻወር ሲከፍቱ የተቀቀለ እንቁላል የሚሸተውም ለዚህ ነው። ኤሌክትሪኩ ግን 70 በመቶ ገደማው ከግድብ ነው። ግድብ ደግሞ ዝናብና የሚቀልጥ በረዶ ይጠብቃል። በ2021 መጨረሻ የግድቦቹ ውሃ ሲያንስ፣ የመንግሥቱ ኃይል አምራች ላንድስቪርክዩን ለዓሣ ዱቄት ፋብሪካዎች የሚሰጠውን ኤሌክትሪክ ቀነሰ። ፋብሪካዎቹም ወደ ነዳጅ ተመለሱ።

“ይህ ሁሉ ኃይል ለሕዝቡ ነው”

አይደለም። የሚመነጨው ኤሌክትሪክ አምስት ቦታ ቢከፈል አራቱን የሚወስደው ትልልቁ ኢንዱስትሪ ነው፤ ከሁሉም በላይ የውጭ ኩባንያዎች የአሉሚኒየም ማቅለጫዎች። ይህም የታሰበበት ፖሊሲ ነው። ላንድስቪርክዩን በ1965 የተቋቋመው በዚህ ስሌት ነው፤ ለአሉሚኒየም ፋብሪካ ኤሌክትሪክ እየሸጡ በገንዘቡ ትልቅ ግድብ መሥራት። ሥራና ገቢ አምጥቷል፣ አልክድም።

ዋጋ ግን አስከፍሏል። በምሥራቅ የሚገኘው የካውራህንዩካር ግድብ 690 ሜጋዋት የሚያመነጨው አልኮዋ ለሚባል የአሜሪካ ኩባንያ አንድ የአሉሚኒየም ማቅለጫ ነው። በ2001 የአገሪቱ የፕላን መሥሪያ ቤት ጥናቱን አይቶ፣ ለአካባቢው ጉዳቱ ይበዛል ብሎ ፕሮጀክቱን ውድቅ አደረገው። በዚያው ዓመት መጨረሻ የአካባቢ ጥበቃ ሚኒስትሯ ሲቭ ፍሪድሌይፍስዶቲር ውሳኔውን ሻሩት። በ2006 በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሬይካቪክ ላይ ለተቃውሞ ወጡ። ግድቡ ግን በውሃ ተሞላ፤ ሰው ያልነካው ሰፊ ሸለቆም ከሥሩ ቀረ። ባለሙያው “አይሆንም” ያለውን ሹም “ይሁን” ሲል፣ ኃይሉ ንጹሕ ስለሆነ ብቻ ዝም ማለት ተገቢ አይመስለኝም።

“ነዳጅ አያስገቡም”

ያስገባሉ። መርከቡ፣ አውሮፕላኑ፣ አብዛኛው መኪና የሚሄደው በነዳጅ ነው። አገሪቱ የራሷ የነዳጅ ጉድጓድ የላትም።

“የመሬት ሙቀት አይቋረጥም”

በየካቲት 2024 በሬይክያኔስ ልሳነ ምድር የፈሰሰ ላቫ ዋናውን የሙቅ ውሃ ቧንቧ በላው። ከ20,000 በላይ ሰዎች በዚያ ብርድ ለቀናት ያለ ሙቅ ውሃ ቀሩ። ሰው ሁሉ ወደ ኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሲሮጥ፣ መስመሩ እንዳይወድቅ መብራት ቆጥቡ ተባለ።

“እኛም ስምጥ ሸለቆ አለን፤ መቆፈር ብቻ ነው”

ይህን ከኢትዮጵያውያን ብዙ ጊዜ እሰማለሁ። ባለሙያዎቻችን አይስላንድ ሄደው ጂኦተርማል (የከርሰ ምድር እንፋሎት ሥራ) ተምረዋል፤ የእውቀት ችግር ብቻ አይደለም። አሉቶ ላንጋኖ ላይ በ1980ዎቹ ስምንት ጉድጓዶች ተቆፈሩ። ለሥራ የሚሆን እንፋሎት የሰጡት ግማሽ ያህሉ ናቸው። በ1998 የተተከለው 7.3 ሜጋዋት ማመንጫም ብዙ ሳይቆይ በቴክኒክ ችግር ለዓመታት ቆመ። ጎረቤታችን ኬንያ በ2008 የቁፋሮውን አደጋ የሚወስድ የመንግሥት ድርጅት አቋቋመች። እሱ ይቆፍራል፣ እንፋሎቱ ሲገኝ ለኃይል አምራቾች ይሸጣል። እኛም ስለ ሜጋዋት ከማውራታችን በፊት መጠየቅ ያለብን ይህን ነው፤ ጉድጓዱ ባዶ ሲወጣ የሚከፍለው ማን ነው?