በሐሰት ተከስሶ የሚሸሽ ሱፐርሂሮ ምንድን ነው?

ያልገደለውን ሰው ገደለ ተብሎ የሚታደን ሱፐርሂሮ በኮሚክ መጻሕፍትም በፊልምም ደጋግሞ ይመጣል። ሰው ሲያድን የኖረ ጀግና በአንድ ቀን ነፍሰ ገዳይ ይባላል። ፖሊስ ያሳድደዋል። ትናንት ያጨበጨበለት ሕዝብ ዛሬ ይረግመዋል።

ታዲያ ለምን ቀርቦ እውነቱን አይናገርም? ችግሩ ጭንብሉ ነው። ፍርድ ቤት ቆሞ ቃሉን ለመስጠት ማንነቱን መግለጥ አለበት። ከገለጠ ጠላቶቹ ቤተሰቡ ደጃፍ ይደርሳሉ። ዝም ካለ ደግሞ ዝምታው እንዳመነ ይቆጠርበታል። ጉልበቱ እዚህ ላይ ምንም አይፈይድለትም።

ስፓይደር ማንን እንይ። እ.ኤ.አ. በ1970 በወጣ እትም ከጠላቱ ከዶክተር ኦክቶፐስ ጋር ጣሪያ ላይ ሲፋለም ፍርስራሽ ወደ መንገዱ ይናዳል። የቀድሞው ፖሊስ ካፒቴን ጆርጅ ስቴሲ አንድ ሕፃን ያተርፍና ፍርስራሹ እሱ ላይ ይወድቃል። ስፓይደር ማን አቅፎ ይወስደዋል። ስቴሲ ሊሞት ሲል ጭንብሉን እያየ በእውነተኛ ስሙ፣ ፒተር ብሎ ይጠራዋል። ልጁን ግዌንንም አደራ ይለዋል። ግዌን የፒተር ፍቅረኛ ናት። ከዚያ በኋላ አባቴን ያስገደለብኝ ስፓይደር ማን ነው እያለች ታለቅሳለች፤ የምታለቅሰው ለፒተር ነው።

እ.ኤ.አ. በ1977 የጀመረው የሀልክ የቴሌቪዥን ድራማ ደግሞ ነገሩን እስከ ጥግ ወስዶታል። ዶክተር ዴቪድ ባነር ሲናደድ ሀልክ ወደሚባል ግዙፍ አረንጓዴ ፍጡር ይለወጣል። ጃክ ማክጊ የሚባል ጋዜጠኛ ወሬ ፍለጋ ቤተ ሙከራው ውስጥ ተደብቆ ሳለ የኬሚካል ዕቃ ይገለብጣል። ባነር እሱን ወደ ውጭ ሲያስወጣ ቤተ ሙከራው ይፈነዳል። ውስጥ የቀረችው ባልደረባው ኢሌና ማርክስ ናት። ሀልክ ከእሳቱ ተሸክሟት ይወጣል፤ ግን አትተርፍም። ማክጊ ይህን አይቶ ሁለቱንም ሳይንቲስቶች፣ ባነርንም ማርክስንም፣ የገደለው ያ ፍጡር ነው ብሎ ይጽፋል። ሀልክ የገዛ ራሱን ገድሏል ተብሎ ተከሰሰ ማለት ነው! ባነርም የሞተ መስሎ፣ የአባቱን ስም እየቀያየረ፣ ያገኘውን ሥራ እየሠራ ከከተማ ከተማ ይንከራተታል። ማክጊም ከኋላው አይጠፋም።

ባትማን ከእነዚህ ይለያል። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣው ፊልም የከተማው ዐቃቤ ሕግ ሃርቪ ዴንት የፈጸመውን ግድያ በፈቃዱ በራሱ ላይ ይወስዳል፤ የከተማው ሰው በዴንት ላይ ያለውን እምነት እንዳያጣ ብሎ። ትልቅ መሥዋዕትነት ነው፣ አልክድም። እኔን ግን አንጀቴን የሚበላው ባነር ነው። ባትማን ስሙን የሰጠው መርጦ ነው። ባነርን የጠየቀው የለም፤ የከሰሰው ሰው ራሱ ያን ኬሚካል ማን እንደደፋው ሳያስተውል ዓመታት ያሳድደዋል።