«አሽከርካሪው ተይዟል» ማለት ጥፋተኛ ነው ማለት አይደለም

የመኪና አደጋ ዜና ሲነገር «በአሽከርካሪው ቸልተኝነት» የሚለው ሐረግ ብዙ ጊዜ ምርመራው ሳይጠናቀቅ ይደመጣል፤ ይሁንና ቸልተኝነት በማስረጃ ተረጋግጦ ፍርድ ቤት የሚወስንበት የጥፋት ዓይነት እንጂ የአደጋ ሌላ ስም አይደለም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ አሽከርካሪን፣ እንደ ሐኪም ሁሉ ሕይወት የመጠበቅ የሙያ ግዴታ ስላለበት፣ ከሌላው ሰው የበለጠ ይቀጣዋል። ያው ሕግ በአንቀጽ 57 ግን ያለ ጥፋት፣ ከአቅም በላይ በሆነ ኃይል ወይም በድንገተኛ አጋጣሚ ለደረሰ ጉዳት ማንም በወንጀል እንደማይቀጣ ይደነግጋል። መንገዱ፣ የፍሬኑ ሁኔታና የእግረኛው አካሄድ የሚመረመሩትም ይህን ለመለየት ነው።

ይበልጥ የሚያደናግረው ካሳው ነው። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2081 መሠረት የመኪና ባለቤት፣ ምንም ጥፋት ባይኖርበት እንኳ፣ መኪናው ላደረሰው ጉዳት በመርሕ ደረጃ ኃላፊ ስለሚሆን፣ የካሳው መከፈል ሹፌሩ ማጥፋቱን አያሳይም።

ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 20 የተከሰሰ ሰው በፍርድ ሂደት ላይ እያለ እንደ ጥፋተኛ እንዳይቆጠር መብት ሰጥቶታል። ስለዚህ ከፍርድ በፊት ትክክለኛው ቃል «ተጠርጣሪ»፣ ክስ ከተመሠረተ በኋላም «ተከሳሽ» ነው፤ ፎቶግራፉን ለጥፎ «ነፍሰ ገዳይ» ማለት ግን በሹፌሩም በልጆቹም ላይ የሚፈጸም ግፍ ነው።