ዮሐናን ማን ሰማት?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የክርስቶስ ቤተሰቦች እንኳን ለብርሃነ ትንሣኤው አደረሳችሁ። ያለፈው ቅዳሜ የቅዱሳት አንስት፣ ጌታን የተከተሉትና ወደ መቃብሩ የሄዱት የቅዱሳት ሴቶች መታሰቢያ ነበር። ከሰሙነ ትንሣኤው ቀናት ማክሰኞን ቶማስ፣ ሐሙስን አዳም ብሎ ሁሉም ያስታውሳል፣ ቅዳሜ ላይ ሲደርስ ግን ሰው በዓሉ አድክሞት ለዳግም ትንሣኤ እየተዘጋጀ ስለሆነ እነዚህ እናቶች ዝም ብለው ያልፋሉ። እኔ ዛሬ ከነሱ መሀል ስለ አንዷ ብቻ ልናገር፣ ስለ ዮሐና።

ሉቃስ ምዕራፍ 8 ላይ አለች። ባሏ ኩዛ የሄሮድስ አዛዥ ነው፣ ያ የመጥምቁ ዮሐንስን አንገት ያስቆረጠው ሄሮድስ። ከንጉሥ ቤት ምቾት ወጥታ ከመግደላዊት ማርያምና ከሶስና ከሌሎችም ብዙ ሴቶች ጋር ጌታን ተከተለች፣ በገንዘባቸውም ያገለግሉት ነበር ይላል ወንጌሉ። ጌታችንና ሐዋርያቱ ከተማ ለከተማ ሲዞሩ ከእነዚህ እናቶች እጅ ነበር የሚበሉት ማለት ነው፣ ይሄን ስንቶቻችን አስተውለናል?

አሁን ደግሞ ምዕራፍ 24ን ግለጡት። ሽቱ ይዘው በማለዳ ወደ መቃብሩ ሄደው መላእክቱ "ሕያውን ከሙታን መካከል ስለ ምን ትፈልጋላችሁ" ካሏቸው በኋላ ሮጠው ለሐዋርያት የነገሩት ሴቶች ስማቸው ሲጠራ ዮሐና ድጋሚ አለች። ቀጥሎ ያለው ቁጥር 11 ነው ሁሌ ሳነበው የሚያመኝ፤ ቃላቸው ቅዠት መስሎ ታያቸውና አላመኗቸውም። ያቺው ሴት ናት እኮ! ምዕራፍ 8 ላይ ገንዘቧን ሲቀበሉ ማንም ቅዠት ነው አላለም። ቃሏን ይዛ ስትመጣ ነው ቅዠት የሆነው።

ሐዋርያቱን ለመንቀፍ እንዳይመስላችሁ፣ አባቶቻችን ናቸው፣ ኋላ ደማቸውን አፍስሰውለታል። ግን ማርቆስ 16፥14ንም አንዘለውም፣ ጌታ በማዕድ ተገልጦላቸው መጀመሪያ የገሠጻቸው ተነሥቶ ያዩትን ስላላመኑ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፣ መላእክቱ ሴቶቹን "ገና በገሊላ ሳለ ለእናንተ እንዴት እንደ ተናገረ አስቡ" ነው ያሏቸው፣ እነሱም ቃሉን አሰቡ። በገሊላ ቁጭ ብለው ሲያስተምራቸው ሰምተዋል ማለት ነው፣ ምግብ አቅራቢ ብቻ አልነበሩም፣ ተማሪዎቹም ነበሩ።

ይሄን ሁሉ የምለው ከፋሲካ በኋላ አንድ ደብር ውስጥ በነበረ ስብሰባ ላይ ያየሁት ነገር ልቤን ስለሰበረው ነው። አንዲት እህት ሚክሮፎን ይዛ ለሕንፃው የተዋጣው ገንዘብ ሒሳቡ ለምእመናን ይነበብ ብላ በትሕትና ጠየቀች፣ ሌላ ምንም አላለችም። አንድ ትልቅ ሰው ከፊት ሆነው "እህቴ አንቺ የጸበል ጸዲቁን ነገር ብታዪልን ይሻላል" አሏት፣ አዳራሹም ሳቀ። ሳቀ! እሷ እኮ ያን ዓመት ሙሉ ከመሸ ከሥራ መጥታ እንጀራ ጋግራ ሽጣ ለሕንፃው ያስገባች ሴት ናት። ሚክሮፎኑን አስቀምጣ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ተቀመጠች፣ ከዛ በኋላ ማንም ሴት እጇን አላወጣችም።

ዓረብ አገር በሰው ቤት የሚሠሩ እህቶቻችንስ? የስንቱ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ቆርቆሮና መጋረጃ የተገዛው ቤይሩትና ሪያድ ሌሊት ሳይተኙ ሠርተው በላኩት ነው። ብሩ ሲመጣ "እግዚአብሔር ይስጥልን" ተብሎ ስማቸው በአውደ ምሕረት ይጠራል፣ ታማ ወይ ልጅ ይዛ ስትመለስ ግን ያው አፍ "ዓረብ አገር የነበረች" ብሎ ያማታል፣ የደረሰባትን ልትናገር ስትሞክር የሚሰማት የለም። ወገኖቼ ይሄ ኃጢአት ነው፣ ንስሐ ያስፈልገዋል።

ክህነት ይሰጣቸው እያልኩ አይደለም፣ ሥርዓቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። መደመጥ ግን ክህነት አይጠይቅም። የገዛ ታሪካችንስ ምን ይላል፣ አፄ ሱስንዮስ የሮምን እምነት ሲቀበልና ስንቱ መኳንንት አንገቱን ሲደፋ፣ ባሏ የንጉሡ ባለሟል የሆነው እናታችን ወለተ ጴጥሮስ ቤቷን ትታ ወጥታ ሕዝቡን በሃይማኖታችሁ ጽኑ ብላ አላስተማረችም? ለዛ እኮ ነው ንጉሡ ፊት ያቆሟት፣ ወደ ዠበይ በረሃም ያጋዟት። በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖት ሲመለስ ትክክል የነበረችው እሷ ነበረች። በኋላም ወንዱም ሴቱም መነኩሴ በእሷ ሥር በማኅበር ኖሯል። ኅዳር 17 ታቦት ፊት ገድሏን እያነበብን የእሷን ልጆች ዝም በሉ እንላለን?

ወንድሞቼ፣ ጴጥሮስን ተመልከቱት። ቅዠት ነው ከተባለ በኋላ ቁጥር 12 ላይ እሱ ግን ተነሥቶ ወደ መቃብሩ ሮጠ፣ ዝቅ ብሎም አየ። ወዲያው ማመን ቢከብዳችሁ እንኳ ተነሥታችሁ ሂዱና እዩ። ሒሳቡ ይታይ ስትላችሁ መዝገቡን አውጡት፣ አንዲት እናት "ልጄን የሚያስፈራራት ሰው አለ" ስትላችሁ ቅናት ነው ሐሜት ነው ከማለታችሁ በፊት አጣሩ።

እህቶቼ እናንተም ከቤቱ አትቅሩ። ሐዋርያት ሥራ 1፥14ን አንብቡት፣ ሐዋርያቱ ከሴቶችና ከጌታ እናት ከእመቤታችን ጋር በአንድ ልብ ለጸሎት ይተጉ ነበር። ሴቶቹ አላመኑንም ብለው ተቀይመው አልሄዱም፣ ወንዶቹም ድጋሚ ቅዠት አላሏቸውም። እስከ ጰራቅሊጦስ ገና ጊዜ አለን። የዛ ደብር ኮሚቴ አባላት ይሄን የምታነቡ ከሆነ እህታችንን ጥሩና ይቅርታ ጠይቋት፣ ጥያቄዋንም እስከ መጨረሻው ስሟት።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።